ምስክር ያጣ መልካ

ከደባርቅ ወጥቶ የሊማሊሞን ቁልቁለት የሚወርድ መንገደኛ፣ ይህን መንገድ ማን ሠራው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል ነው፤ ጣሊያን ይላል። ገደሉን ፈልፍለው፣ ዳገቱን በድንጋይ ግንብ ደግፈው፣ በቅሎ እንኳ በሚፈራው ሥፍራ መኪና ማሳለፋቸው እስካሁን ያስደንቃል፤ መደነቁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያው መንገድ በአዲአርቃይ አልፎ ወደ ተከዜ ይዘልቃል። መንገዱ ከመሠራቱ በፊት ደግሞ የጣሊያን መንግሥት እዚያው ተከዜ ላይ ሌላ ነገር አድርሶ ነበር፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የሰናፍጭ ጋዝ የተሞሉ ቦምቦችን በወንዙ መሻገሪያዎች ላይ ጥሏል። ስለ መንገዱ ሁሉም ያወራል፤ ስለ መልካው የሚያወራ ጥቂት ነው። የሁለቱ ትዝታ ሚዛን እንዲህ መዛባቱ አጋጣሚ አይመስለኝም። መርዙ ሲመረጥም፣ ሲጣልም፣ ከተጣለ በኋላ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሲካድም፣ የወደቀበት ሥፍራ ምስክር አይኖረውም ተብሎ ተሰልቶ ነበር። ያ ስሌት ዛሬም አልከሸፈም። ማክሸፍ የሚችሉት ደግሞ ከማንም በፊት የደባርቅ፣ የዳባትና የሰሜን ተራሮች ግርጌ ሰዎች ናቸው።

መርዝ ጋዝ እንደ ጦር መሣሪያ የተወለደው በሩቅ አገር ምሽግ ውስጥ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የምዕራቡ ግንባር ላይ ሁለቱም ወገኖች ጉድጓድ ቆፍረው ተፋጠው ነበር። መትረየስና እሾሃማ ሽቦ ቀና ማለትን ስለከለከላቸው ጥቂት መቶ ሜትር ለመግፋት ሺዎች ይረግፉ ነበር። ጀርመኖች ይህን ፍጥጫ ይሰብርልናል ብለው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 22 ቀን 1915 በቤልጅየሟ የኢፕር ከተማ አጠገብ ክሎሪን ጋዝ ከብረት ጋን ለቀው ለነፋስ ሰጡት። ብዙም ሳይቆይ እንግሊዝና ፈረንሳይም ያንኑ አደረጉ። ጭምብል ተፈለሰፈ፤ ከዚያ ጭምብሉን የሚያልፍ መርዝ ተፈለገ፤ በ1917 ክረምት በዚያው በኢፕር ግንባር ቆዳን የሚልጠው፣ ዓይንን የሚያሳውረው የሰናፍጭ ጋዝ ወረደ። ጣሊያኖች ይህን መርዝ እስከ ዛሬ ኢፕሪት የሚሉት ከዚያች ከተማ ስም አውጥተው ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ በጋዝ የሞተው ሰው ወደ 90,000፣ የተጎዳው ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚደርስ ተገመተ። ይህ ሁሉ ሆኖም ጋዝ የምሽጉን ጦርነት አልቋጨውም። በሁለቱም በኩል ፋብሪካ፣ ጭምብልና ሐኪም ስለነበረ አንዱ የላከውን መርዝ ሌላው በማግሥቱ ይመልሰው ነበር። የመንግሥታቱ ሕሊና በዚህ ከተረበሸ በኋላ እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 1925 በጄኔቫ መርዛማ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክል ስምምነት ተፈረመ፤ ጣሊያንም እ.ኤ.አ. በ1928 አጸደቀችው። ኢትዮጵያ ወረራ ባንዣበበባት እ.ኤ.አ. በ1935 ተቀላቀለች።

ከምሽጉ በኋላ የሆነውን ልብ ብሎ ላየ ሰው ግን ስምምነቱ የጠበቀው ማንን እንደነበር ግልጽ ነው። ስፔን በሰሜን ሞሮኮ በሪፍ ሕዝብ ላይ፣ ጣሊያን ከኢትዮጵያ በፊት በሊቢያ፣ ጃፓን በቻይና መርዝ ተጠቅመዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን እነዚያው የአውሮፓ መንግሥታት መጋዘናቸው በጋዝ ቦምብ ተሞልቶ ሳለ በጦር ሜዳ እርስ በርሳቸው አልተወራወሩም፤ የወረወረ እንደሚወረወርበት ያውቃልና። በምሽጉ ዘመን መርዝ ለእኩያ የሚላክ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አጸፋ ለማይመልስ፣ ጭምብል ለሌለው፣ ጩኸቱም ሩቅ ለማይሰማ ሕዝብ የሚላክ ሆነ። ለዚህ ነው ተከዜን ከኢፕር ለይቼ ማየት የምፈልገው። ተከዜ ላይ ምሽግ አልነበረም፤ የሚሰበር ፍጥጫም አልነበረም። የነበረው ወንዝ የሚሻገር እግረኛ ሠራዊትና ከብቱን ውሃ የሚያጠጣ ባላገር ነው። ኢፕር ዛሬ የዓለም ሕዝብ የሚጎበኛት ከተማ ናት፤ ሜኒን በር በሚባለው የመታሰቢያ ቅስቷ ሥር እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ፣ በጀርመን ከተያዘችበት ዘመን በቀር፣ ማታ ማታ በስምንት ሰዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ለወደቁት ጥሩምባ ይነፋል። መርዙ ስሟን ይዞ ተከዜ ድረስ መጣ፤ የእሷ የመታሰቢያ ወግ ግን አብሮት አልመጣም።

የሰናፍጭ ጋዝ ጋዝ ይባል እንጂ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ሽታው ለአንዳንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ ለሌላው ሰናፍጭ ይመስለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ሲነካ የማያም መሆኑ ነው። የረገጠው ሰው ምንም ሳይሰማው ይሄዳል፤ ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይላጣል፤ ዓይኑ ይጋረዳል፤ የተነፈሰው ከሆነ ሳንባው ከውስጥ ይቃጠላል። ሣር ላይ፣ ቁጥቋጦ ላይ፣ አሸዋ ላይ ተጣብቆ ይቆያል። ጭምብል ቢኖር እንኳ ዓይንንና ሳንባን እንጂ እግርን አያድንም፤ የኢትዮጵያ ሠራዊት ደግሞ አብዛኛው ባዶ እግሩን ነበር። ከቅዝቃዜ የሚያስጥለው የጥጥ ጋቢና ኩታ ፈሳሹን መጥጦ ገላው ላይ የሚያቆይ ሆነበት። የጣሊያን አየር ኃይል ለዚህ ሥራ ያዘጋጀው ዋነኛ ቦምብ 280 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ከ200 ኪሎ በላይ የሆነው ንጹሕ መርዝ ነው። በሰሜን ግንባር ብቻ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት 1928 ዓ.ም. የዚህ ዓይነት ቦምብ ከ900 በላይ ተጥሏል። የመርዙን ጠባይ ከአገሩ መልክ ጋር ያስተያየ ሰው ዒላማው ምን እንደነበር ይረዳል፤ መልካ፣ የእግር መንገድ፣ የግጦሽ ሣር፣ የሚጠጣ ውሃ። ሰው ሊያልፍበት ግድ የሆነበትን ሥፍራ ሁሉ ወጥመድ ማድረግ ነበር።

በዚያ ታኅሣሥ ተከዜ ዳር የነበረው የራስ እምሩ ኃይለሥላሴ ጦር ነው። ራስ እምሩ ከጎጃም 25,000 ያህል ሰው አስከትለው፣ በጎንደር አልፈው፣ የወገራን ደጋ አቋርጠው ወደ ሰሜን ወጡ፤ የሰሜኑ ደጃዝማች አያሌው ብሩም ወደ 10,000 የሚጠጋ የበጌምድር ጦር ይዘው ነበር። ከደጋው ጫፍ ወደ ተከዜ ቆላ መውረድ በሰላም ጊዜም ጉልበት የሚፈታ ነው። ሠራዊቱ ግን ወርዶ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን ጎህ ሳይቀድ ግንባር ቀደሙ ማይ ጥምቀት በሚባለው መልካ ተሻገረ። በዚያው ዕለት ደምበጉና ማለፊያ ላይ የጣሊያንን ቀላል ታንኮች በእጅ ትግል እስከ ማቆም ደረሰ፤ ሻለቃ ክሪኒቲ የሚያዛቸውን አስካሪዎች ወደ ሽሬ ገፋ። ይህ ተራ ግጭት አልነበረም። ራስ እምሩ ወደ አክሱምና ወደ መረብ ቢዘልቁ የጣሊያኑ የሰሜን ግንባር አዛዥ የማርሻል ባዶሊዮ የቀኝ ክንፍ ይጋለጥ፣ የስንቅ መንገዱም ይቆረጥ ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 እና 13፣ የመርዙ ቦምብ ወረደ።

ራስ እምሩ ያን ቀን ከብዙ ዓመት በኋላ ለጣሊያናዊው የታሪክ ጸሐፊ ለአንጀሎ ዴል ቦካ ተርከውለታል። ሠራዊቱ ያን ጊዜ አውሮፕላንን ለምዶ፣ ቦምብ ሲመጣ መበተንን ተምሮ ነበር። በዚያ ማለዳ የወደቁት ግን እንደ ወትሮው አልፈነዱም፤ መሬትና ውሃ ሲነኩ ተሰንጥቀው ቀለም የሌለው ፈሳሽ ረጩ። ምን እንደሆነ ሳይታወቅ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች እጃቸው፣ እግራቸው፣ ፊታቸው ውሃ ቋጠረ፤ ቃጠሎውን ሊያበርዱ ወደ ወንዙ የሮጡት የተመረዘውን ውሃ ጠጡ። ከተጎዱት መካከል ከብት ሊያጠጡ የወረዱ የአካባቢው ባላገሮችም ነበሩ። አለቆቹ ዙሪያቸውን ከበው ምን እናድርግ ሲሏቸው፣ የሚያቃጥልና የሚገድል ዝናብን እንዴት እንደሚዋጉት መልስ እንዳልነበራቸው ራሳቸው ተናግረዋል። አንድ የጦር መሪ እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣው ምን ያህል እንደሚከብደው ለሚያውቅ፣ ይህ ምስክርነት ከማንኛውም የቁጥር ሰንጠረዥ ይበልጣል። ቢሆንም አንድ ሰው ነው፤ የተናገረውም ከዓመታት በኋላ ነው። የጋዝ ጥቃቱን በዓይናቸው አይተው ለዓለም ያሰሙት የውጭ ሐኪሞች በብዛት የነበሩት በኮረም፣ በደሴና በደቡብ ግንባር ነው። የቀይ መስቀሉ ስዊዘርላንዳዊ ሐኪም ማርሴል ዡኖ በመጋቢት ወር ኮረም ደርሶ፣ የተቃጠሉ ሰዎች ሜዳ ሞልተው አቤት አቤት ሲሉ ሰምቷል፤ ቃሉንም እንዳለ በመጽሐፉ አስፍሮታል። በሐኪም ጆን ሜሊ ይመራ የነበረው የእንግሊዝ የሕክምና ጓድም የተላጡ ሰዎችን አክሟል። የተከዜው አቤታ ግን ሰሚ ሳያገኝ ቀረ።

ሰሚ ማጣት ለገዳዩ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ራሱ ሙሶሊኒ ያረጋገጠልን በቴሌግራሞቹ ነው። ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ለደቡቡ አዛዥ ለግራዚያኒ ጋዝን እንደ መጨረሻ አማራጭ እንዲጠቀም ፈቀደ። ለባዶሊዮ ማናቸውንም ጋዝ በሰፊው እንዲጠቀም የፈቀደበት ቴሌግራም ታኅሣሥ 18 ቀን የተላከ ነው፤ ማለትም የተከዜው መርዝ ከወረደ ከስድስት ቀን በኋላ። ማርሻሉ ፈቃዱ እስኪደርሰው አልጠበቀም። የኢትዮጵያ መንግሥት ታኅሣሥ 20 ቀን ለመንግሥታቱ ማኅበር በላከው ቴሌግራም በተከዜ አካባቢ መርዛማ ጋዝ መጣሉን አስታወቀ። በዚያው ዕለት በደቡብ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል በቦምብ ተመታ፤ አውሮፓ ጮኸች። ታኅሣሥ 26 ቀን ሙሶሊኒ የጄኔቫው ስብሰባ እስኪያልፍ ድረስ ጋዝ እንዲቆም አዘዘ፤ ጥር 10 ቀን መልሶ ፈቀደ። እነዚህን ቀኖች ደርድሮ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። ያን መርዝ ለሁለት ሳምንት ያቆመው ሕግ አልነበረም፤ ስምምነቱ ከሰባት ዓመት በፊት ጸድቋል። ጦር መሣሪያም አልነበረም፤ ኢትዮጵያ የነበሯት አውሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ፣ ከእነሱም የሚዋጋ አንድ እንኳ አልነበረም። ያቆመው ሰው ያየኛል የሚል ፍርሃት ነው። ዓይኑ ዘወር ሲል መርዙ ተመለሰ፤ በአምባ አራዶም አርሲን የተባለ መርዝ የያዘ የመድፍ ጥይት ተጨመረ፤ የካቲት መጨረሻ ላይ የራስ እምሩ ጦር ከሽሬ ሲመለስ እነዚያው መልካዎች ዳግመኛ ከአየር ተደበደቡ። ምስክርነትን ከሐዘን ወግ ለይቼ እንደ መከላከያ የማየው ከዚህ ማስረጃ ተነስቼ ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ ሲናገሩ ረዘም ላለ ጊዜ የቆዩት በጋዙ ላይ መሆኑ ይህን ስለተረዱ ይመስለኛል። ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል በዚያ ጸደይ ስለ ጋዙ ያለውን መረጃ እንዲሰጥ በመንግሥታቱ ማኅበር ሲጠየቅ ገለልተኛነቴን ይነካል ብሎ አልሰጠም። የሱዌዝ ቦይ ለጣሊያን መርከቦች አልተዘጋም፤ ነዳጅም አልተከለከለም። አይተው ዝም ያሉት ካላዩት ቁጥራቸው አያንስም።

ይህን ለማቃለል ከሚነሱት ክርክሮች የመጀመሪያው የአጸፋ ነው። ኢትዮጵያውያን የተማረኩ ጣሊያኖችን አርደዋል፣ የተከለከለ ጥይት ተኩሰዋል፣ ስለዚህ ጋዙ ብቀላ ነበር ይባላል፤ በምሳሌነትም በኦጋዴን ደገሃቡር አካባቢ የተገደለው አብራሪ ቲቶ ሚኒቲ ይጠቀሳል። የእሱ አገዳደል ጭካኔ ነበረበት፤ ማንም ሊያደባብሰው አይገባም። ነገር ግን ሚኒቲ የተማረከው ታኅሣሥ 16 ቀን ነው። የተከዜው ጋዝ ከዚያ በአራት ቀን ይቀድማል፤ የሙሶሊኒ የመጀመሪያ ፈቃድ በሁለት ወር። ብቀላ ከበደሉ አይቀድምም። ደግሞም ስምምነቱ የተበደለ ወገን ከብት የሚያጠጣ ባላገር ላይ መርዝ ይርጭ የሚል አንቀጽ የለውም።

ሁለተኛው ክርክር ከበድ ይላል፤ ከወዳጅም ከታሪክ አዋቂም ይመጣል። ኢትዮጵያ የተሸነፈችው በጋዝ አይደለም፤ በመድፍ፣ በአውሮፕላን፣ በስንቅ እጥረት፣ በመሳፍንቱ አለመተማመን፣ የሬዲዮ መገናኛ ባለመኖሩና መልእክት በመጠለፉ ነው፤ ጋዙን ደጋግሞ ማንሳት የራስን ድክመት መሸፈኛ ነው ይላል። ከዚህ ክርክር ብዙው እውነት ነው። በየቤቱ የሚተረከው ታሪክ ሁሉንም ሽንፈት በመርዝ ጭስ ላይ ሲያላክክ ይሰማል፤ እንዲህ ማድረግ ሟቾቹንም አያከብራቸውም፤ የማይጨው ጀግኖች ከመርዝ ሌላ የተዋጉት ነገር አልነበረም ማለት ይሆናልና። ሆኖም ሁለት ነገር መለየት አለበት። አንደኛ፣ ጋዙ ጦርነቱን ብቻውን ባይወስንም የወደቀው ጣሊያን በምትጨነቅበት ቦታና ሰዓት ነው፤ ራስ እምሩ ወደ አክሱም ባሰፈሰፉበት ሳምንት። ከደምበጉና ድል በኋላ የነበረው ግስጋሴ እንዲገታ ካደረጉት ነገሮች አንዱ መልካው ላይ የተቃጠለው እግር ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ የወንጀል ክብደት በወታደራዊ ጥቅሙ አይለካም። ኢፕርም ላይ ጋዝ ጦርነቱን አልወሰነም፤ ግን ማንም ስለዚህ ኢፕርን እንርሳ አላለም።

ሦስተኛው ክርክር መንገዱ ነው። ጣሊያን ክፉም አድርጓል፣ ግን መንገድ ሠርቷል፣ ድልድይ ዘርግቷል ይባላል፤ ደባርቅ ላይ ቆሞ ይህን ማለት ደግሞ ይቀልላል፣ ማስረጃው ከእግር ሥር ነውና። መንገዱን ማንም አይክድም። ግን ለምን እንደተሠራ ለማወቅ ራሱ መንገዱ የሚያወጣበትን ቦታ ማየት ይበቃል። የሊማሊሞ አፋፍ ወልቅፊት ነው፤ ጣሊያኖች ወልቅፊትን ምሽግ አድርገው ጎንደርን ከሰሜን የሚጠብቁበት በር አደረጉት። በ1933 ዓ.ም. የአገሩ አርበኞች ከእንግሊዝ መኮንኖች ጋር ሆነው ወራት ከበውት፣ በመስከረም 1934 ዓ.ም. ኮሎኔል ጎኔላ እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን ተከተለች። የመንገዱ ዓላማ ጦርና ስንቅ ማመላለስ ነበር፤ ለመንገደኛውና ለነጋዴው መጥቀሙ በኋላ የመጣ በረከት ነው። ደግሞም የመንገዱ ዘመንና የመርዙ ዘመን ሁለት ዘመን አይደሉም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም.፣ መንገድ እየተሠራ ባለበት፣ በሰሜን ሸዋ ዘረት በሚባል ሥፍራ አመፀኛ ዋሻ ውስጥ ከአርበኞች ጋር ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ተጠልለው ሳለ የጣሊያን ጦር የሰናፍጭ ጋዝና አርሲን ተጠቅሞባቸዋል፤ እጃቸውን የሰጡት ወንዶችም ተረሽነዋል። ይህን ጣሊያናዊው ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ከራሱ አገር መዛግብት ተነስቶ፣ ዋሻው ድረስ ሄዶ እስኪያወጣው እ.ኤ.አ. 2006 ደረሰ። ዘረት ምስክር ያገኘው ስልሳ ሰባት ዓመት ቆይቶ ነው። አንድ ተመራማሪ አንድ ዋሻ ሄዶ ጠየቀ፤ ሰዎች መለሱ። ተከዜ መልካ የሚያስፈልገው ከዚህ የተለየ ተአምር አይደለም።

ከጣሊያን በኩል የነበረው ዝምታ የተሰበረው ዘግይቶ ነው። ዴል ቦካ የቴሌግራሞቹንና የቦምቦቹን ነገር ሲያወጣ በገዛ አገሩ ሰዎች ከሐዲ ተብሎ ተሰድቧል፤ በኢትዮጵያ ዘምቶ የነበረው ስመ ጥሩ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ለዓመታት ጋዝ አልነበረም ሲል ተከራክሮታል። እ.ኤ.አ. በ1996 የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶሜኒኮ ኮርቾኔ ለፓርላማ ጋዝ መጣሉን አመኑ፤ ሞንታኔሊም ተሳስቻለሁ አለ። ፍርድ ግን አልነበረም። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የ10 ሰዎችን ስም ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን አቅርባ፣ ኮሚሽኑም ክሱ መነሻ እንዳለው ቢቀበል፣ አንዳቸውም ለኢትዮጵያ ደም ፍርድ ቤት አልቆሙም። ባዶሊዮ እ.ኤ.አ. በ1956 በአልጋው ሞተ። እዚህ ላይ ሌላ ቀን ትዝ ይላል፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1943 ጀርመኖች የጣሊያኗን የባሪ ወደብ ሲደበድቡ የሰናፍጭ ጋዝ የጫነች የአሜሪካ መርከብ ሰምጣ፣ መርከበኞችና የከተማው ነዋሪዎች ተከዜ ላይ ያየነውን ቃጠሎ ተቃጠሉ። ያ መርዝ በማንም ላይ ሲወድቅ ያው ነው፤ የባሪ እናት ሐዘን ከሽሬ ወይም ከአዲአርቃይ እናት ሐዘን አይለይም።

የመጨረሻው ክርክር ከራሳችን ደጅ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ደባርቅና ዳባት ተፈናቃይ ሞልቶባቸው ነበር፤ በዳባት ወረዳ ጭና የተፈጸመው ግድያ ሐዘኑ ገና ትኩስ ነው፤ ከወንዙ ማዶም የራሱ መቃብር አለ። ተከዜ ራሱ የሚያጨቃጭቅ ስም ሆኗል። በዚህ መሐል የዘጠና ዓመት ቁስል መቀስቀስ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው፣ ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። መልሴ በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ በመልካው ላይ የወደቀው ፈሳሽ የወንዙን ወዲህና ወዲያ አልለየም የሚል ነው። የጎጃሙ ጭሰኛ፣ የበጌምድሩ ነፍጠኛ፣ የሽሬው ባላገርና ከብቱ በአንድ ውሃ ተቃጠሉ። ሁለቱ ዳርቻዎች አብረው ሊያወሩት ከሚችሉት ጥቂት ጉዳዮች አንዱ ይህ ነው፤ ተጠያቂው ከመካከላቸው አንዱ ስላልሆነ።

እንዴት ይወራ ለሚለው ደግሞ ሥራው በእጅ ያለ ነው። ዓመታዊ የመታሰቢያ ቀኖቻችን ውስጥ የካቲት 12 አለ፣ ሚያዝያ 27 አለ፤ ለጋዝ ሰለባዎች የቆመ ብሔራዊ ቀን የለንም፤ ታኅሣሥ 12 ይህን ቦታ ለመያዝ የሚበቃ ቀን ነው። ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አለው። ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለማየት ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው እንግዳ የሚያርፈው ደባርቅ ነው፤ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ወደ ሰሜን ወደ ቆላው ሲመለከት የሚያየው ያንኑ የተከዜ ሸለቆ ነው። ዋልያውንና ጭላዳውን የሚያስረዳ አስጎብኚ፣ ከታች ያለው መልካ ምን እንዳየ በሁለት ዓረፍተ ነገር ሊነግር ይችላል። የዳባትና የደባርቅ ትምህርት ቤቶች ስለ ጋዙ የሚያስተምሩት በአንድ መስመር ከሆነ፣ ተማሪው ያ መስመር የሚናገረው ከቤቱ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ እንኳ ስለማይርቅ ሥፍራ መሆኑን አያውቅም። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ቃል መሰብሰብ ነው። ያን ቀን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ ማግኘት የማይታሰብ ነው፤ ከአባቱ የሰማ ሽማግሌ ግን አለ፤ የትኛው መንደር ከብት አለቀበት፣ ከዘመቻው ዓይኑ ጠፍቶ የተመለሰ ማን ነበር፣ የት ተቀበረ፣ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ተፈታ። የሚነገረው ሁሉ እውነት ነው ብሎ መቀበል አያሻም፤ ከሌላው ቃልና ከጽሑፍ መዝገብ ጋር እየተያየ ይጣራል።

የጽሑፍ መዝገቡ አለና። የጣሊያን አየር ኃይል ሥርዓት ያለው መዝገብ ይይዝ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊዎቹ የቦምቦቹን ቁጥር ያወጡትም ከዚያ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህ ላይ ነገሩ ተገልብጦ የወጋው ጽፎ አስቀምጧል። ቀኑ አለ፣ ዒላማው አለ፣ የተጣለው ቦምብ ብዛት አለ። በበጋ ተከዜ ጎድሎ ከብት በእግሩ በሚሻገርበት በዚያው የታኅሣሥ ሳምንት፣ ከአውሮፕላኑ በታች ማን እንደነበር ግን የትኛውም የሮም መዝገብ አልያዘም። ያ ገጽ ባዶ ነው፤ የሚሞሉት ስሞች ያሉት በደባርቅ፣ በዳባት፣ በአዲአርቃይና ከወንዙ ማዶ ባሉ ቤቶች ነው።